ሬር የሚሉት ቃል

መጋቢት 3 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ሐኪሟ ወጣት ናት። የድሮ ተማሪዬ ብትሆን አይገርመኝም ነበር። ዓይኔ ላይ መብራት አብርታ ደጋግማ አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደኋላ ገፋ አድርጋ «መምህር አጵሎስ፣ ይሄ በጣም ሬር የሆነ ነገር ነው» አለችኝ።

አሥራ አራት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው «ሬር ማለት?» ብዬ ጠየቅኳት። አፌ ቀደመኝ።

«ብዙ ሰው ላይ የማይገኝ ማለቴ ነው። ከብዙ ሺህ ሰው አንዱን ቢይዝ ነው። በዘር ነው የሚመጣው። ከዓይንዎ ጀርባ ያለው ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ከዳር ጀምሮ እየከሳ ነው። መጀመሪያ የማታው እይታ ይሄዳል፣ ከዚያ የጎን የጎኑ። መሃሉ ይቆያል።»

«እስከ መቼ?»

«በትክክል መናገር አልችልም። የሚመልሰው መድኃኒት ለጊዜው የለም።»

ወረቀቱ ላይም ሬር ብላ ጻፈችው፤ ከሥሩ አሰመረችበት።

ከአዲስ አበባ ቡራዩ እስክደርስ ታክሲ ውስጥ ቃሉን እያላመጥኩ መጣሁ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ደመቀች የሰው ልብስ ስፌት ላይ ነበረች። «ምን አሉህ?» አለች ቀና ሳትል። «ሰልፉ ነው የገደለኝ» አልኳት። ሆዷ ከስፌት መኪናው ጠርዝ ጋር መነካካት ጀምሯል፤ አምስተኛ ወሯ ነው። ዘጠኝ ዓመት ጠብቀን ያገኘነው ነው። አሁን አልነግራትም። ትውለድና።


መጋቢት 5፣ ዓርብ

ይህን ደብተር የምጽፈው ከክፍል በኋላ፣ ፀሐይ እያለ፣ መምህራን ክፍል መስኮቱ ሥር ነው። ማታ በአምፖል መስመሩ እየሸሸ ያስቸግረኛል።

ዛሬ አባቴ ትዝ አለኝ። ከምባታ፣ የእኛ ሰፈር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ላሟን ከመስክ ይዟት ይገባል፤ ገመዱ በእጁ። እሱ የሚነዳት ይመስለን ነበር። አሁን ሳስበው እሷ ነበረች የምትመራው። ከዚያ ደጃፍ ግንድ ላይ ይቀመጣል፤ ሰው እጁን ይዞ ካላስገባው አይነሳም። አጎቴም እንደዚያው ነበር። ሰፈሩ ዳፍንታም ይላቸው ነበር፣ በቃ። ከብዙ ሺህ አንድ ናችሁ ያላቸው የለም። በእኛ ግቢ ሁለት ነበሩ፤ እኔን ጨምሮ ሦስት።

ያን ቃል ባውቅለት ኖሮ ለአባቴ እነግረው ነበር። «አባ፣ ዳፍንታም አይደለህም፣ ሬር ነህ።» ይስቅ ይሆን?


መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ስምንተኛ ሲ። ስልሳ ሁለት ተማሪ፣ በአንድ ዴስክ አራት አራት። መጽሐፉ እንደሚያሾፍብኝ ሁሉ የዛሬው ትምህርት ሬር፣ ስኬርስ እና ሴልደም ነበር። መዝለል እችል ነበር። አልዘለልኩም።

ስኬርስ መኖር የሚገባው ነገር ሲያጥር ነው አልኳቸው። «ለምሳሌ ውሃ» ስል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የገፈርሳ ግድብ አፍንጫችን ሥር ተኝቶ የእኛ ቧንቧ በሳምንት አንዴ ነው የሚያንጠባጥበው። ሬር ግን ማንም ባይቸገርበትም ከመነሻው ጥቂት የሆነ ነገር ነው። ሰው አንድን ነገር ስኬርስ ካለ እየፈለገው ነው፤ ሬር ካለ ግን አግኝቶት እየተገረመ ነው። ሴልደም ደግሞ ከዕቃ ጋር አይሄድም፤ ከድርጊት ጋር ነው፤ አንድ ሰው እምብዛም የማያደርገውን ለመናገር።

ደወሉ ከተደወለ በኋላ አንዲት ልጅ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ዱርሲቱ ኢቲቻ ትባላለች። ከገፈርሳ ማዶ ከገበሬ ቤት በእግሯ የምትመጣ፣ አማርኛዋም እንግሊዝኛዋም በኦሮምኛ ቃና የሚዘፍን ልጅ።

«ቲቸር፣ ሰው ሬር ይባላል?»

«ይባላል። ጎበዝ ተማሪ ሬር ነው።»

«በሽታስ?»

ደነገጥኩ። «እሱም ይባላል።»

«እና ቃሉ ራሱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?»

በአሥራ አራት ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። «ነገ በክፍል አንሺው፣ ሁሉም ይስማ» አልኳት።

«እሺ። እጄን አወጣለሁ። በግራ በኩል፣ መስኮቱ ጋ ነኝ» አለችኝ። እዚያ መቀመጧን አላውቅም ነበር።


መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ዱርሲቱ ጥያቄዋን አላነሳችም። ረስታው ይሆናል። ልጆች ናቸው።


መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

የሒሳብ መምህሩ ጃለታ ስለ ቃሉ ሳወራ ሰምቶ አንድ ነገር ነገረኝ። ሱሉልታ ሥልጠና ሄዶ ያረፈበት ሆቴል አንድ ፈረንጅ ሥጋ ያዝዛል፤ «ሬር» ይላል። አስተናጋጇ ቅር አላት። «ኧረ ጌታዬ፣ ሥጋማ ሞልቷል!» ለካ ሰውየው ደም ደም የሚል፣ ያልበሰለ ሥጋ ነው የፈለገው። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

ስወጣ የመምህራን ክፍሉን ደረጃ ስቼ በጉልበቴ ወደቅኩ። ጃለታ «ሳቁ አዞረህ እንዴ» አለኝ። «አዎ» አልኩት።


መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ደመቀች የኮቴን ኪስ ልትሰፋ ስትል ወረቀቱን አገኘችው። ፊቷ ላይ ምንም የለም። «ይቺ የተሰመረባት ምንድን ናት?»

«ሬር።»

«ምን ማለት ነው?»

«ብርቅ።»

ትንሽ አሰበች። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «እንደሱ?»

አዎ፣ እንደሱ፣ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የሚያስፈልገኝ የመነጽር ዓይነት እዚህ አገር እምብዛም ስለማይገኝ ነው አልኳት። «እንዲያ ነው?» አለች። ወረቀቱን አጣጥፋ ሰጠችኝና መኪናዋን መርገጥ ጀመረች። ለእሷ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ይኸው፣ አሁን እንዴት እንደሚደረግ አወቅኩ።


መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ደመቀች ሰሞኑን ጠባይዋ ተቀያይሯል። እርጉዝ ሰው እንዲህ ነው ይላሉ። የደጃችንን ደረጃ ጠርዝ ኖራ ቀባችው፤ ከረሜላ መሰለ። ጄሪካኑን በር ላይ ስላስቀመጥኩ ሙሉ ሰዓት ተቆጣችኝ። ራት በአሥራ አንድ ሰዓት እንብላ ትላለች፣ ፀሐይ ሳትገባ፤ «ሲመሽ ቃር ያስቸግረኛል» ብላ። በዚያ ላይ ማታ ማታ ቲማቲም ልገዛ ብላ አስፋልቱ ድረስ ትወጣለች፤ ሁልጊዜ እኔ ከታክሲ ስወርድ እዚያ ናት። ክንዴን ትይዛለች። «መውደቅ ፈርቼ ነው» ትላለች።

እኔም አጥብቄ እይዛታለሁ።


መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ጠዋት ብቻዬን ገፈርሳ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጉሙ ከውሃው ላይ አልተነሳም። ባሕር ዛፎቹ ከወገብ በላይ ብቻ ይታያሉ፤ መሬት የሌላቸው ይመስል በአየር ላይ የቆሙ። አንድ ሰው ከጉሙ ውስጥ ወጣ፣ አህያው ከኋላው ወጣች፣ «አካም ቡልተን»፣ እንዴት አደሩ፣ ብሎኝ አለፈ፤ ከዚያ ሁለቱም ተመልሰው ነጭ ውስጥ ሟሙ።

እዚያ ቆሜ ደስ አለኝ። በጉም ውስጥ ሁሉም ሰው እንደ እኔ ነው። ማንም ጎኑን አያይም፤ ሁሉም ከፊቱ ያለችውን ትንሽ ክብ ይዞ ነው የሚራመደው።

ልጅ ሳለሁ ሰዎች ስለ ከዋክብት ሲያወሩ የሚያጋንኑ ይመስለኝ ነበር። እንደ አሸዋ ይላሉ። እኔ የማየው ጨረቃንና ቢበዛ አንዷን ደማቅ ኮከብ ነው። ከተጋባን በኋላ ደመቀች ደጅ አንጥፋ ትቆጥራለች፤ «ያችን አየሃት? ከእሷ ቀጥላ ያለችውንስ?» ትለኛለች። «አየኋት» እላለሁ። ቆንጆ ነገር ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ ሰው ተስማምቶ አየሁ የሚለው።

ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ እይታዬን በጣቴ ለካሁት። ጆሮዬ ጋ ያለው ጣቴ የለም። ትከሻዬ ጋም የለም። ወደ መሃል ሳመጣው፣ ድንገት፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ብቅ ይላል። ልክ እንደ ሰውየውና እንደ አህያው። ጉሙ ተነሳ፤ ውሃው ሰማያዊ ሆነ፤ እኔ ግን እዚያው ውስጥ ቀረሁ።

ልጁ በዓይኑ ምን ይዞ ይመጣ ይሆን? ይህን ከጻፍኩ በኋላ ልሰርዘው ነበር። ይቅር፣ ይኑር።


መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ቧንቧው ጋ ሁለት ተማሪዎች፣ እኔ መኖሬን ሳያውቁ፦ «እሱ እኮ የሚያየው የሚፈልገውን ብቻ ነው።»

ስለ ማን እንደሆነ አልሰማሁም።


መጋቢት 26፣ ዓርብ

ዛሬ ተናደድኩ፤ ልክም አልነበርኩም መሰለኝ። ሲ ክፍል ውስጥ በሬር እና በስኬርስ መካከል ያለውን ልዩነት በቃል ጠየቅኩ። ማንም እጁን አላወጣም። ጠበቅኩ። ከወደ ግራ የዴስክ ድምፅ ሲጥጥ አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። «ከስልሳ ሁለት ሰው አንድ የለም? አንድ?» አልኩ። ሳቁ ጨመረ። «ማሰብ የሚችል ጭንቅላት እዚህ ክፍል ውስጥ ሬር ነው» አልኩ፣ በእንግሊዝኛ፣ ጥርሴን ነክሼ። ቃሉን እንዲህ ተጠቅሜበት አላውቅም።

የሆነ ሰው ተነስቶ በኋላ በር ወጣ። ማን እንደሆነ አላየሁም። መጥራት ነበረብኝ።


ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ዱርሲቱ ሦስት ቀን ቀረች። ስሟን ስጠራ ክፍሉ ዝም አለ።


ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ዛሬም የለችም። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ፈተናው ሰኔ ውስጥ ነው። ለፋሲካ ሳንዘጋ ትመጣለች ብዬ ነበር።


ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ከበዓል ተመልሰን። ወንበሯ ባዶ ነው፤ ሄጄ ቀጥታ ፊት ለፊቱ ቆሜ አየሁት።

ጃለታ ሻይ ቤት ወስዶ አስቀመጠኝ። ልጅቷን ገበያ ላይ አግኝቷት ነው። ቃል በቃል የነገረኝን ልጻፈው፣ እንዳላስተካክለው፦

«"ቲቸር አጵሎስ ይጠላኛል፣ በቃናዬ ነው" ትላለች። "ጥያቄሽን በክፍል አንሺ አለኝ፤ ሁለት ሳምንት ትከሻዬ እስኪዝል እጄን አወጣሁ። አንድ ቀን አልጠራኝም። ያን ዓርብ እጄን አውጥቼ ቆምኩኝ ሁላ፤ ፊቴ ቆሞ ማንም የለም አለ፤ ሁሉም ሳቀብኝ" ነው የምትለው። አበባ እርሻ ልትቀጠር ወረፋ ይዛለች። አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? አንተ እንደዚህ ሰው ነህ?»

ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ቆማ ነበር! እኔ እየጠየቅኩ እሷ ቆማ ነበር።

ለጃለታ ምን አልኩት? «ልብ አላልኩም» አልኩት። ልብ አላልኩም! ለመዋሸት የማይረባ ቃል መርጬ፤ የባሰ የሚያስጠላ።


ሚያዝያ 19፣ እሑድ፣ ጠዋት

ጸሎት ቤት አልሄድኩም። የትናንቱን እንዳለ ልጻፈው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ኦቦ ኢቲቻ ቤት ሄድኩ፤ የዱርሲቱ አባት። ግማሽ ሰዓት ይቅርታ ጠይቄ፣ በብርሃን ልመለስ ነበር ያሰብኩት። መንገዱ በግድቡ ዙሪያ ነው፤ ከዚያ በባሕር ዛፉ መሃል ያለች ቀጭን መንገድ። እርሻው ታርሶ ጥቁር ነው። ኦቦ ኢቲቻ በሬዎቻቸውን ከቀንበር እየፈቱ ነበር።

«ባርሲሳ! ሴና፣ ሴና!» አሉኝ፤ መምህር፣ ግባ፣ ማለታቸው ነው። እርጎ ቀረበልኝ። ዱርሲቱ ጓዳው በር ላይ ቆማ አልቀረበችም።

ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ። ክፍሉ ሰው ይበዛዋል፣ ድካም ነበረብኝ፣ አስቤበት አይደለም። ኦቦ ኢቲቻ ጎንበስ ብለው ሰሙኝ። ከጨረስኩ በኋላ «ልጄ የምትለው ሌላ ነው» አሉ። «እጇን አይተህ አለፍካት ነው የምትለው። ቋንቋዋን ንቀህ።»

«እንዲያ አይደለም፣ ኦቦ።»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

ይህን ጊዜ ከወደ እንጦጦ ዝናብ ያዘለ ደመና መጣ፤ ገና አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሆን ቤቱ ጠቆረብኝ። ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። በሩ የት ነበር? የገባሁበትን አስታውሼ ተራመድኩ፤ ምሰሶውን በግንባሬ መታሁት፤ የእርጎው ዕቃ ተደፋ። ከዚያ ዱርሲቱ፣ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅዋ፣ በቀስታ፦

«ቲቸር፣ አያዩም እንዴ?»

ግንባሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ለሚስቴ ያልነገርኩትን፣ ለጃለታ ያልነገርኩትን፣ መሬት ላይ እርጎ እየፈሰሰ፣ ለአንድ ገበሬና ለልጁ ነገርኩ። ማታ እንደማላይ። ቀንም ከፊት ለፊቴ ውጪ እንደማላይ። ከትምህርት ቤት እንዳይቀንሱኝ እንደደበቅኩ። አባቴን ሁሉ ነገርኳቸው።

ዱርሲቱ በር ላይ፣ ብርሃን ባለበት አስቀመጠችኝና ፊት ለፊቴ ቆመች። «ፊት ለፊት ይመልከቱ» አለችኝ። «አሁን እጄን አውጥቻለሁ። ያዩታል?»

«አላየሁትም።»

«አሁንስ?»

«አላየሁም።»

«አሁንስ?»

«አላየሁም፣ ዱርሲ።»

ብዙ ጠየቀችኝ። በመጨረሻ ከጉሙ እንደሚወጣ ነገር እጇ መጣ፤ አምስት ጣት፣ አውራ ጣቷ ላይ ጭቃ። «አሁን አየሁሽ» አልኳት። ፊቷን ሸፍና ጓዳ ገባች። ስታለቅስ ሰማኋት።

ኦቦ ኢቲቻ እንደ መቆጣት ብለው «ያ ዳለቻው በሬዬ አንድ ዓይን የለውም» አሉኝ። «በቀኝ ነው የምጠምደው። በግራ ብጠምደው ጓደኛውን ይወጋል። ይህን ባልነግረው የሚያርስልኝ ሰው ምን ያደርግ ነበር? አንተ ግን ለሰው አልተናገርክም። ልጄን ወጋሃት።»

«አዎ» አልኳቸው።

እስከ አስፋልቱ አደረሱኝ፤ እሳቸው በአንድ ክንዴ፣ ዱርሲቱ በሌላው። ዝናቡ ሳሳ። ምንም አይታየኝም ነበር፤ የእግራቸውን ኮቴ፣ የውሃውን ሽታ፣ የእንቁራሪቶቹን ድምፅ ይዤ ነው የሄድኩት። ዱርሲቱ «ጉድጓድ» ትላለች፣ እዘላለሁ። «ድንጋይ» ትላለች፣ እግሬን አነሳለሁ። እንደዚያ ሳልፈራ በጨለማ የሄድኩበትን ቀን አላስታውስም።

አስፋልቱ ላይ ደመቀች ቆማ ነበር። ቲማቲም አልያዘችም። ለሁለቱም ሰላምታ ሰጠች፣ ምንም አልጠየቀችም፣ ክንዴን ተቀበለች።

እኔም ምንም አልነገርኳት። በዚያ ሁሉ ላይ፣ ይህን!


ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ሲ ክፍል። ጥያቄ ጠየቅኩ። ከወደ ግራ፦ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። በጣቷ አንጓ ዴስኩን።

«ዱርሲቱ» አልኩ።

«ቃሉ ራሱ ጥሩም መጥፎም አይደለም» አለች ቆማ። «ሬር ያለው ሰው እንዴት አድርጎ እንዳየው ነው የሚናገረው።»

ወደ ሰሌዳው ዞሬ ጠመኔ ፈለግኩ። ጠመኔው እጄ ላይ ነበር።


ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

ክፍሉ በሙሉ ማንኳኳት ጀምሯል። አዲስ ሕግ መስሏቸዋል። ዱርሲቱ ትንፍሽ አላለችም፤ የእኔን ገመና ለሁለት ወር ያህል የደበቅኩት እኔ፣ አሁን ደግሞ አንዲት ልጅ አሸክሜ።


ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ነገርኳቸው። ሦስት ደቂቃም አልፈጀ። ያን ዓርብ የተናገርኩትንም አንስቼ፣ ያላየሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ጭንቅላት ሬር ያልኩት ስድብ እንደነበር፣ ዱርሲቱን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኩ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ እኔ እዚያ ዳር ሆኜ ስኮርጅ አላዩም ማለት ነው?» አለ። ሳቁ እስከ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ተሰማ።

ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ወርቅቱ አስጠሩኝ። «ምንድን ነው ይሄ እንደ አናጢ ቤት የሚንኳኳው?» አሉ። ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ከሁሉ ያናደደኝ ዘግይተህ መናገርህ ነው» አሉኝ። «ከሰዓት በኋላ ፈረቃህን አነሳልሃለሁ፤ ክፍሎችህንም እቀንሳለሁ። ለወደፊቱ ግን ለአንተ ቃል መግባት አልችልም። ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የምታስተምር አንዲት አውቃለሁ፤ ኢየሩስ ትባላለች፤ እሷም እንግሊዝኛ ናት። ሄደህ አነጋግራት።»

ዓይነ ስውር። ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ ስለ ራሴ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ሬር ምንኛ ለስላሳ ነበር።


ግንቦት 3፣ እሑድ

ከጸሎት ቤት ስንመለስ ነገርኳት። በቀጥታ ተናገርኩ፤ በሽታው፣ በዘር መሆኑ፣ መነጽሩ ውሸት መሆኑ። ደመቀች እስክጨርስ ቆማ ሰማችኝ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ሁለት ዓመቴ ነው ካወቅኩ» አለች።

መጽሐፍ ቅዱሴን ከአንዱ ብብቴ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«ኮከብ ሳሳይህ አንተ አጥሩን ነው የምታየው። "አየኋት" ትለኛለህ፣ አጥሩን እያየህ። ደረጃውን ኖራ የቀባሁት ለጌጥ መስሎህ ነው? ስድስት ወር ተኩል ሆዴን ተሸክሜ ማታ ማታ አስፋልት የምወጣው ለቲማቲም ነው?» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ እሷን እንዲህ ስትቆጣ አላውቃትም። «እስኪነግረኝ ብዬ ጠበቅኩ። ወረቀቱን ሳገኝ፣ ይኸው አሁን ይነግረኛል ብዬ ነው የጠየቅኩህ። መነጽር አልከኝ! ያን ዕለት መኪናውን እየረገጥኩ አልቅሻለሁ፤ እሱንም አላየህም።»

አዎ። እሱንም አላየሁም።

«ለምን አልተናገርሽም?»

«የራስህ ነገር ነው። ከአንተ ነጥቄ መናገር አልፈለግኩም።»

ከዚያ መሃል መንገድ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ባጃጅ ጡሩንባ እየነፋ ዞሮን አለፈ። በመጨረሻ ያን የፈራሁትን ጠየቀችኝ። «ልጁስ?»

«ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ሐኪሟ ከዚያ በላይ አልነገረችኝም።»

ፊቷን ጠረገች። «ቢሆን» አለች፣ ቀስ ብላ፣ እያሰበች፣ «እንዴት እንደሚኖር የሚያሳየው አባት ያስፈልገዋል። ከእሱ የሚደብቅ አባት አይሆንለትም።»

ተደጋግፈን ተነሳን። ማን ማንን እንዳነሳ እንጃ።


ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ሥራ በዝቷል። ክለሳ። ስልሳ ሁለቱም ያንኳኳሉ። ራሴን ያመኛል፤ ግን እወደዋለሁ።


ሰኔ 9፣ ሰኞ

ዱርሲቱ ለክልሉ ፈተና ገባች። ኦቦ ኢቲቻ የእርሻ ቀን ትተው በር ላይ ቆመው ነበር። ስትወጣ «እንዴት ነበር?» አልኳት። «ማቲማቲክሱ ጠምዝዞኛል፤ እንግሊዝኛው ግን ቀላል ነው» አለች። ጃለታ ሰምቶ ተናደደ።


ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

በዓለም ገና በኩል ሰበታ ደርሰን መጣን። ደመቀች ስምንት ወር አልፏታል፤ አልቀርም አለች።

ኢየሩስ አጭር፣ ፈጣን፣ ጮክ ብላ የምትስቅ ሴት ናት። በልጅነቷ ነው ዓይኗ የጠፋው። ጥድ ሥር ባለች አግዳሚ አስቀመጠችን። በሽታዬን ሳብራራላት፣ ሬር መሆኑን ስነግራት፣ እጇን አወናጨፈች። «እዚህ ግቢ ውስጥ ሬር የሆነው የሚያየው ሰው ነው» አለች። ደመቀች እስክትታነቅ ሳቀች።

ከዚያ የብሬል ነጠብጣብ ያለበት ወፍራም ወረቀት አምጥታ ዓይኔን እንድጨፍን ነገረችኝ። ጣቴን ይዛ ነጠብጣቦቹ ላይ አሳለፈችው። ሽንብራ የተበተነ ነው የመሰለኝ። «አትቸኩል፤ በጣትህ አትጫነው፣ ዝም ብለህ እለፍበት» አለችኝ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። በሃያ ምናምነኛው አንዲት ፊደል ከሌሎቹ ተለይታ ቆመች። የእንግሊዝኛው ኤ። የመጀመሪያ ክፍል ልጅ ሆኜ ጮህኩ። በየሳምንቱ ቅዳሜ እንድመጣ ቀጠረችኝ፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ እዚያ ሰው ስለሚያስፈልጋቸው ለማስተማርም ማመልከት እንደምችል ነገረችኝ። እንዲሁ ተስፋ ልትሰጠኝ እንዳልሆነ ድምፅዋ ይናገራል።

ስንነሳ መሽቶ ነበር። ዝናብ ሊመጣ ነው፤ ሰማዩም መሬቱም አንድ ሆነውብኛል። ኢየሩስ እስከ ታክሲው መቆሚያ ልሸኛችሁ ብላ ዱላዋን አነሳች። እኔ ክርኗን ያዝኩ፤ ደመቀች የእኔን። ሦስታችን ሰልፍ ሆነን ወጣን። ሴትየዋ ትሮጣለች ማለት ይሻላል! ቦዩን አሻገረችን፣ የእንጨት መሸጫውን አሳለፈችን፣ ደመቀች ከኋላ «ቀስ፣ ቀስ፣ ሁለት ነፍስ ነኝ» ትላለች።

መንገዱ ዳር ቆምን። ኢየሩስ «ፊት ለፊታችን ምን ይታይሃል?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ለእኔም» አለች። «ዝም በልና ስማ።»

ዝም አልኩ። የጭነት መኪና አለፈ። የእግር ኮቴ፣ የሴቶች ወሬ በሁለት ቋንቋ፣ ከሩቅ ነጎድጓድ። ከዚያ ከጨለማው ውስጥ አንድ ሚኒባስ ሲቆም፣ በሩ ሲንሸራተት፣ ረዳቱም በዚያ በሻከረ ድምፁ ሲጣራ ሰማሁ፦

«ዓለም ገና! ዓለም ገና!»

«የእናንተ ነው» አለች ኢየሩስ፤ ጀርባዬንም ገፋ አደረገችኝ።